ቦቴው ጋ

ማክሰኞ ጠዋት ከኮምቦልቻ መናኸሪያ የተነሳው የመጀመሪያው አውቶቡስ የእኛ ሰፈር ሜዳ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ወደ ግራ ተጠማዘዘ፣ ምንም የሌለበትን ቦታ በጥንቃቄ ዞረና ወደ መንገዱ ተመለሰ። ተሳፋሪው እርስ በርሱ ተደጋገፈ። አንዲት ሴትዮ ሳታስበው አጠገቧ ያለ ሰውዬ ጭን ላይ ቁጭ ብላ "ይቅርታ ወንድሜ" ስትለው "ምን ችግር አለ፣ ቤትሽ ነው" አላት። ሾፌር የሚባል ሰው ከቀረ ቆይቷልና የሚጠየቅ አልነበረም። ሁለተኛውም አውቶቡስ እንደዚሁ አደረገ። ሦስተኛውም። ረፋድ ላይ የጭነት መኪናው፣ ታክሲው፣ መንገድ ጠራጊዋ ማሽን ሳትቀር ያንን ባዶ ቦታ ታማሚ እንደተኛበት አልጋ እየተጠነቀቁ ይዞሩት ጀመር።

እኛ አልደነገጥንም። መልኬ የምታደርገውን አውቃ ነው የምታደርገው እየተባልን ነው ያደግነው።

መልኬ ከተማዋን የምታንቀሳቅስ ኮምፒውተር፣ የከተማዋ መልክ ናት። የመንግሥት ስሟ ረጅም ነው፤ እኛ መልኬ እንላታለን። ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ በር እጀታ፣ እሷ ዘንድ አምሳያ አለው። በሩ፣ ምድጃው፣ መብራቱና አውቶቡሱ የሚታዘዙት እሷ "አለ" ላለችው ነው። ሁለት እጅህ ዕቃ ከያዘ በሩ ራሱ ይከፈትልሃል። ልቅሶ ቤት አጠገብ መኪና ጥሩንባ ልንፋ ቢል እንኳ ድምፁ አይወጣም። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው ሰላምታ ሲጀምሩ የእግረኛ መንገዱ አግዳሚ ወንበር ያወጣላቸዋል፤ የእኛን ሰላምታ ታውቀዋለችና። አውቶቡሱም ቢሆን የሚሳፈረው ሰው ገና "ከብቶቹ ደህና ናቸው?" ላይ መሆኑን ሲያውቅ፣ ከብት ባይኖርም፣ እስኪጨርስ ይጠብቀዋል። አልፎ አልፎ ሰውን ያቅበጠብጠዋል እንጂ ክፉ ኑሮ አይደለም።

መልኬ የማታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አድራሻችንን። እያንዳንዱን ድንጋይ ታውቃለች፤ ግን "ከጣውላ መሸጫው ወረድ ብሎ፣ ድሮ ዳቦ ቤት የነበረበት ቅያስ" ስትላት ግራ ይገባታል። ቤቶቻችን ቁጥር አላቸው፤ የገዛ ቤቱን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ግን እኔ አላጋጠመኝም። እንግዳ በቁጥሩ መጥቶ ከታክሲ ይወርድና፣ በራችን ላይ ቆሞ "የት ናችሁ?" ብሎ ይደውላል። ስለዚህ የመልኬ ቢሮ ሰኞ ማታ የአፍ ካርታ የሚባል ነገር ጨመረላት። ከእንግዲህ ቦታን ሁሉ ከሰው አፍ እየሰማች ትማራለች፣ እንደ ሰፈሩ ሰው ታውቃችኋለች ተባለ። እኛም አጨበጨብን። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚለውን ተረት ያስታወሰ አልነበረም።

የሰፈራችን ስም ቦቴ ነው። ከስልሳ ዓመት በፊት ከጅቡቲ ነዳጅ ጭኖ የሚመጣ ቦቴ እዚህ ሜዳ ላይ ተገለበጠና ዓመታት ተጋድሞ ኖረ። ፍየል ተኛበት፣ ልጆች ተንሸራተቱበት፣ ፍቅረኞች ተቃጠሩበት። ከዚያ ቁራሌዎች ቆራርጠው ወሰዱት። ስሙን ግን አልወሰዱትም። "የት ነህ?" ሲሉህ "ቦቴው ጋ" ነው መልሱ። ቦቴውን አልፈህ፣ ከቦቴው ጀርባ፣ ቦቴው ሥር ጠብቂኝ። መልኬ ይህንን ሁሉ አንድ ሌሊት አዳመጠችና ሲነጋ እሷ ዘንድ ባለው አምሳያ ሜዳችን ላይ ነዳጅ የሞላ ቦቴ በጎኑ አስተኛችበት።

እኔ ፀጉር ቆራጭ ነኝ፤ ዳግማዊ እባላለሁ፣ ዳጊ ይሉኛል። ቦቴው መኖሩን ያወቅሁት የእድራችንን ሊቀመንበር የአቶ ናትናኤልን ግማሽ ራስ ላጭቼ ግማሹን ስጀምር ነው። ማሽኑ ቀጥ አለ። መስተዋቱ "ነዳጅ በአቅራቢያ አለ፣ ብልጭታ የተከለከለ ነው" አለ። አቶ ናትናኤል ለመደወል ሞባይላቸውን ቢያወጡ እሱም ሞቷል። ከሜዳው እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ያለው ምድጃ ሁሉ ጠፋ፣ ዳቦ ቤቱ ሊጥ እንደያዘ ቀረ። አቶ ናትናኤል ሰፈሩን የሚያህል እድር የሚመሩ ሰው፣ ግማሽ ራሳቸው ጎፈሬ፣ ግማሹ እንደ እንቁላል ሆኖ ሳምንቱን ሙሉ ዋሉ። ቆብ እንዳያደርጉ ደግሞ ቆብ አይወዱም።

ይህ ሁሉ እንደ ቀልድ ሊያልፍ ይችል ነበር። ግን እሑድ የእትዬ ኤልዳና ሠርግ ነው።

እትዬ ኤልዳና የተወለደችው ቦቴው በተገለበጠ ዓመት ነው። ዕድሜዋን ስንጠይቃት "ቦቴውን ጠይቁት" ትለናለች። ትዳር ሳትይዝ ኖረች፤ ሥራዋ የእድራችንን ድንኳን መያዝ ነው። ድንኳኑ ሲታጠፍ በሬ ያክላል፣ ስድስት እግር አለው፣ ስትጠራው ከመጋዘኑ በእግሩ ይመጣል። መሬቱን ይፈትሻል፣ ሠርግ ይሁን ልቅሶ ለይቶ የሸራውን ቀለም ይመርጣል። እሷ ጉልበቱን ግራሶ ትቀባዋለች፣ ትቆጣዋለች፣ ታባብለዋለች። ከዚያ ከደጅ በስተቀኝ ቆማ እጇን ታነሳና "ተዘርጋ!" ትላለች። እኔ የተዳርኩት ሥሩ ነው። አባቴን ያለቀስኩት ሥሩ ነው። ሁለቱንም ጊዜ እትዬ ኤልዳና ደጅ ቆማ ነበር። ለእሷ ግን አንድም ቀን ተዘርግቶ አያውቅም።

ሙሽራው ጋሽ ያብስራ የሐይቅ ሰው ነው፤ ዓሣ አስጋሪ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሲስቅ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ። ሰው ሊያስተዛዝን መጥቶ ድንኳን ስታጥፍ አያትና "ላግዝሽ?" አላት። ከዚያ በኋላ ሰፈራችን ውስጥ በሞተ ሰው ሁሉ ልቅሶ ላይ ይገኝ ጀመር። የማያውቀውን ሰው ሁሉ ከልቡ አለቀሰ። በመጨረሻ ሽማግሌ ሲልክ ሁላችንም እፎይ አልን።

ረቡዕ እትዬ ኤልዳና ለልምምድ ድንኳኑን ጠራችው። እየተንጎራደደ መጣና ሜዳው ዳር ሲደርስ ቆመ።

"ና እንጂ" አለችው።

"ይቅርታ" አለ ድንኳኑ። "ከፊቴ የተገለበጠ ቦቴ አለ።"

"የምን ቦቴ? ሜዳ ነው አንተ! እዚህ ስንት ጊዜ ቆመሃል?"

"በፊት አላየሁትም ነበር። እስከ ዛሬም እግዜር ነው ያወጣን።"

ጎትታው አየች፣ ገፍታው አየች፣ ለመነችው። ስድስት እግሩን ተክሎ ቆመ። እኛ ሳቅን። እሷም መጀመሪያ ሳቀች።

መልኬን ማናገር የሚፈልግ ሰው የመንገድ ምሰሶ ሥር ቆሞ ይናገራል። አቶ ናትናኤል በግማሽ ራሳቸው፣ በሙሉ ሥልጣናቸው ምሰሶው ሥር ቆሙ።

"አቤቱታ አለኝ።"

"ቦታውን ይግለጹልኝ" አለች መልኬ።

"ቦቴው ጋ ነው።"

"ቦቴው ጋ ምን አጋጠመ?"

"ቦቴ የለም!"

"የት ነው የሌለው?"

"ቦቴው ጋ ነዋ! ቦቴው የተጋደመበት ሜዳ ላይ!"

"ስለ ትብብርዎ አመሰግናለሁ" አለች መልኬ፤ በዚያው ቅጽበት ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ያለው የጎረቤታችን የእትዬ ሶልያና ምድጃም ጠፋ። እሳቸው ያልገባቸው ነገር እኛም አልገባንም ነበርና ሰልፍ ይዘን ተራ በተራ አቤት አልን። እስከ ማታ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ስለ ቦቴው አለመኖር መሰከረ። ማታ ብልጭታ የተከለከለበት ክልል ወንዙ ዳር ደረሰ፤ ከዚያም ወዲህ መኪና መግባት አቆመ።

ሐሙስ ዕለት ከመልኬ ቢሮ ባለሙያ መጣች። አስካለ ትባላለች፤ ገና ልጅ ናት። የዘንድሮ ወጣቶች ስም እንደዚህ ነው፤ አስካለ፣ ዘነበች፣ ደምሴ። ኤልዳናና ያብስራ የሽማግሌ ስም ሆኖ ቀርቷል። አስካለ ሜዳው መሀል ቆመች፣ ወዲያ ወዲህ ተራመደች፣ ከዚያ መልኬ የምታየውን የሚያሳይ መነጽር አውጥታ ተራ በተራ አስመለከተችን። ኧረ ጉድ! ቦቴው ተዘርግቶ ተኝቷል። ብርማ ሆዱ ያብረቀርቃል፣ ጎማው ወደ ጎን ዞሯል፣ ላዩ ላይ ፍየሎች ያመሰኳሉ። ሽማግሌዎቻችን ስለ ፍየሎቹ ማውራት ስለሚወዱ ፍየሎቹም ተጨምረዋል። እየተሳሳቅን መነጽሩን ተቀባበልነው፤ አንዳንዶቻችን ከሳቅ ብዛት እንባችን ወረደ። እትዬ ኤልዳና ግን አየችና መነጽሩን መለሰች።

"አጥፊልኝ፣ ልጄ" አለቻት።

"እኔ ማጥፋት አልችልም፣ እትዬ" አለች አስካለ። "ድሮ በእጅ ይቻል ነበር። አንዱ የአማቱን ቤት አጥፍቶ ሴትዮዋ ሁለት ቀን በራቸው አልከፈት ካላቸው ወዲህ ተከልክሏል።"

"ታዲያ ዓይኗ የለም? አታይም?"

"ዓይኗ ባዶ ነው ይላል። መሬቱም ምንም አልተጫነኝም ይላል። አፍ ግን አለ ይላል፤ ያውም የሺህ ሰው አፍ። ተራ ነገር ቢሆን ዓይኗን ታምን ነበር። ነዳጅ ሲሆን ግን ሕጉ የሚያስፈራውን እመኚ ይላታል።"

"እሺ ምን እናድርግ?"

"አትጥሩት። እስከ እሑድ ማንም ሰው ስሙን ካልጠራው ሊደበዝዝ ይችላል። ሌላ ስም አውጡለት።"

ይህንን ምክር የሰጠችው ሰፈራችንን ስለማታውቅ ነው። ያንን ቃል ሳንጠራ ሦስት ቀን? ከአንደበታችን ስናወጣው እኮ አይታወቀንም! እድሩ ወዲያው ተሰበሰበ። አዲስ ስም ይውጣ ሲባል ግማሹ "ሰላም ሜዳ"፣ ግማሹ "ኤልዳና ሜዳ" ብሎ ተከራከረ፤ ክርክሩ ሲጦፍ አንዱ ተነስቶ "ቦቴ ሲባል የኖረው ስም ምን ጎደለው?" አለ። ሁላችንም "ዝም በል!" ብለን ጮህንበት። በመጨረሻ ቃሉን የጠራ ሰው የትም ይሁን የት እዚያው ቆሞ እስክስታ እንዲመታ ተወሰነ።

ዓርብና ቅዳሜ ሰፈራችን ለሚያያት ሰው ያበደች ትመስል ነበር። ከክልሉ ውጭ ወጥቶ ስልክ ያነሳ ሰው ሁሉ "ሠርጉ የት ነው?" ተብሎ ይጠየቃል፤ "እዛ… እዛ ነገር ጋ… የሌለው ነገር ጋ" እያለ ይንተባተብና መጨረሻ ላይ አምልጦት ትከሻውን ይነቀንቃል። አስተማሪዋ ክፍል ውስጥ፣ ነርሷ መርፌ እንደያዘች፣ ሁለት ሽማግሌዎች ለዕርቅ እንደተቀመጡ እስክስታ መቱ። አቶ ናትናኤል እስክስታውን ሳይመታ ያለፈ ሰው እንዳለ ሊቆጣጠሩ ዞረው ሲመለሱ ራሳቸው ሦስት ጊዜ መትተው ነበር፤ ጎፈሬው በኩል ያለው ትከሻቸው የበለጠ ይሠራል። ወሬውን የሰማ የደሴ ሰው በአውቶቡስ ተጭኖ ሊያየን መጣ። እያንዳንዱም ሲወርድ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ "ቦቴው የታለ?"

ቅዳሜ ከሰዓት አስካለ መነጽሯን አድርጋ አየችና ራሷን ነቀነቀች። ቦቴው አልደበዘዘም። ጭራሽ አዲስ ቀለም ተቀብቷል።

አቶ ናትናኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ኤልዱ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል። ፒያሳ ጥሩ አዳራሽ አለ። ራሱ ይሞቃል፣ ራሱ ያበርዳል፣ ወንበሩ ራሱ…"

"አዳራሽ አልገባም" አለች እትዬ ኤልዳና።

"ሠርግ ሠርግ ነው፣ እህቴ።"

"ለእናንተ ነው ሠርግ ሠርግ የሆነው!" አለች። "ናትናኤል፣ አንተን የዳርኩህ እኔ ነኝ። ዳጊ፣ አንተንም። ሰላሳ ዓመት እዚህ ሜዳ ላይ ደጅ ቆሜ የሁላችሁን እልልታ ሰምቻለሁ። ቀናሁባችሁ አልልም። አንዳንዴ ግን ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ አለቅስ ነበር። አሁን ተራዬ ሲደርስ፣ በሌለ ነገር ምክንያት ሌላ ሰው አዳራሽ ውስጥ እንድቀመጥ ነው? የገዛ ድንኳኔ አላውቅሽም ሲለኝ?"

ጥፋቱ የእኛ አፍ ነበርና ሁላችንም አፈርን። እሷ ወደ ቤቷ ሄደች፤ እኛም አንድ በአንድ ተበተንን።

እሑድ ጠዋት ምግቡ ከወንዙ ማዶ ተሠርቶ ዝግጁ ነበር፤ ሰው ለብሶ ሜዳው ዳር ቆሟል፤ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ግን የለም። እትዬ ኤልዳና የሙሽራ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። አምራለች፤ ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያ ያማረች ሙሽራ አይቼ አላውቅም። ድንኳኑን ጠራችው። መጣ፣ ቀሚሷን አየ፣ ሸራውን ወደ ነጭ ቀየረ፣ ሜዳው ዳር ደርሶ ቆመ።

"እንኳን ደስ ያለሽ" አላት። "ግን ቦቴው አለ።"

እትዬ ኤልዳና ድንኳኑን አየችው። ሜዳውን አየችው። ከዚያ ከድንኳኑ ጎን ላይ የተጠቀለለውን ወፍራም ገመድ ፈታችና ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

"አለ ካላችሁ አለ!" አለች። "አለ ካላችሁ እናንሳው እንግዲህ! የወደቀ መኪና ሰው ያነሳው የለም? ያው እዚያ ነው ያለው፣ ኑ ያዙ!"

መጀመሪያ የሳቀ ነበረ። ግን ቀድሜ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሄድኩ አሁንም አላውቅም፣ እሷን ብቻዋን ገመድ ይዛ ማየት አልቻልኩም። ከእኔ በኋላ ዳቦ ጋጋሪው፣ ከዚያ አስተማሪዋ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ የደሴ ሰዎች ሳይቀሩ መጡ። አስካለ በመነጽሯ እያየች "ወደዚህ! ወገቡ ላይ ጣሉት፣ ከፍየሎቹ ዝቅ ብሎ!" እያለች ትመራን ጀመር። ገመዱን ባዶ አየር ላይ ወረወርነው፣ መሬት ላይ ወደቀ፣ ጎተትነው።

"ገመዱ ላልቷል" አለች መልኬ ከምሰሶው። "ቦቴው አልተነቃነቀም።"

አስካለ ዘለለች። "ሰምታችኋል? እያነሳነው እንደሆነ አምናለች! ገመዱን የሚወጥር ነገር ብቻ ነው የቀረን!"

የሚወጥር ነገር? ከሜዳው ማዶ እግሩን ተክሎ ወደፊት አልሄድም ያለ በሬ የሚያክል ድንኳን ነበረን እኮ! እትዬ ኤልዳና ዞራ ሄዳ የገመዱን ጫፍ ወገቡ ላይ አሰረች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ድንኳኑ።

"ቆይ፣ ዝም ብለህ እምቢ በል" አለችው። "ያንን ትችልበታለህ።"

በዚህ መሀል የሙሽራው አጀብ ደረሰ። መኪኖቹ ክልሉ ጫፍ ላይ ቀጥ ስላሉ ጋሽ ያብስራና ሚዜዎቹ በእግራቸው እየዘፈኑ መጡ። የሙሽሪት ወገን በሩን ይዞ ሠርገኛ አናስገባም ማለት ወግ ነው፤ እኛ ግን ለወጉ ጊዜ አልነበረንም፤ ገመድ አቀበልናቸው። ጋሽ ያብስራ ሙሽሪትን ገመድ ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ ላብ በላብ ሆና አያት።

"አብሽሪ፣ የኔ ዓለም" አለ። "የምንጎትተው ምንድን ነው?"

"ቦቴ ነው።"

"የታለ?"

"የለም።"

"እሺ" አለና ኮቱን አውልቆ ለሚዜው ሰጠ፤ ከፊት ገብቶ ገመዱን ያዘ። ለዚህ ነው ሰውዬውን የምወደው። መረብ ሲጎትት የኖረ ሰው ነውና ዜማውን ያወጣው እሱ ነው፤

"ተነሳ በሉት ይሄን እንቅልፋም፣
ሙሽራ ቆማ ቦቴ አይተኛም!"

"ሆ!" አልንና ወደ ኋላ ተኛን። ገመዱ እንደ ክራር ተወጠረ፤ ማዶ ድንኳኑ በስድስት እግሩ መሬቱን እየቧጠጠ "አልሄድም፣ አልሄድም" ይላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እኛ ሰፈር ሙሉ ሰው ነበርን፣ የተሸከምነው ደግሞ ምንም ነው፤ ግን በእውነት እላችኋለሁ፣ ከባድ ነበር። እጄ ተላጠ። አቶ ናትናኤል ጫማቸው ወለቀ። እትዬ ሶልያና ዘጠና ሊሞላት ምንም ያልቀራት ሴትዮ ምርኩዟን ጥላ የሸሚዜን ጫፍ ይዛ ትጎትታለች።

"ሆ!"

"ቦቴው በመነሳት ላይ ነው" አለች መልኬ። "እባካችሁ ራቅ በሉ።"

እልልታው የጀመረው ያኔ ነው። "ሆ!"

"ፍየሎቹ ወርደዋል" አለች መልኬ።

"ሆ!"

ገመዱ ድንገት ላላና ሁላችንም በአንዴ በጀርባችን ወደቅን፤ ሙሽራው ሙሽሪት ላይ፣ ሙሽሪት ሚዜው ላይ፣ ሚዜው እኔ ላይ። ድንኳኑ ማዶ ቁጢጥ ብሏል። አስካለ ብቻ ቆማ መነጽሯን እንደያዘች አፏን ከፍታ ታያለች።

"ቆመ" አለች። "በጎማው ቆመ።"

"የመኪናው ምርመራ ተጠናቅቋል" አለች መልኬ። "ለጉዞ ዝግጁ ነው። መድረሻውን ንገሩኝ።"

ይህንን ማንም አላሰበበትም። የስልሳ ዓመት ቦቴ ወዴት ይሄድ እንደነበር ማን ያውቃል? አንዱ ጎንደር አለ፣ አንዱ መቀሌ፣ አንዱ "ወደ ቁራሌው" አለ። እትዬ ሶልያና መሬት ላይ እንደተቀመጠች "ወልዲያ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ያኔ ወጣት ሳለሁ" አለች።

እትዬ ኤልዳና ተነሳች፤ አቧራዋን አላራገፈችም። ምሰሶው ሥር ሄዳ ቆመች።

"ወልዲያ ይሂድ" አለች። "የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩ። ዘግይቷል፤ ግን ይድረስላቸው።"

"ወደ ወልዲያ" አለች መልኬ።

በመንገዱ ጫፍ ያለው መብራት አረንጓዴ ሆነ። ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ዳር ይዞ ቆመ። ከዚያ ቀጣዩ መብራት፣ ከዚያ ቀጣዩ፣ ወደ ዳገቱ አረንጓዴ እየሆኑ ወጡ፤ መኪኖች በሁለቱም ወገን ዳር እየያዙ መሀሉን ለቀቁ። የሚሄድ ነገር አይታይም። ሰው ሁሉ ግን እጁን እያውለበለበ ነበር። "በሰላም ግባ!" ያለው የመጀመሪያው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ወዲያው ሁላችንም "በሰላም ግባ! በሰላም ግባ!" ስንል የደሴ አቀበት ላይ የመጨረሻው መብራት በርቶ እስኪጠፋ ቆየን። እኔ አለቀስኩ። የሌለ መኪና ሸኝቼ ማልቀሴ አላሳፈረኝም። ወልዲያ ሲደርስ ስለሆነው ወልዲያዎች ይጻፉ።

ወዲያው ሰፈሩ ነቃ። የሞቱት ሞባይሎች ሁሉ በአንዴ ጮሁ። ከዳቦ ቤቱ ጭስ ወጣ። ማክሰኞ እጄ ላይ ቀጥ ያለው ማሽን ከሱቄ ውስጥ ብቻውን ሲያጉረመርም ተሰማ፤ አቶ ናትናኤል ባዶ እግራቸውን ወደዚያ ሮጡ። ድንኳኑም ተነሳና አቧራውን አራግፎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ወደ ሜዳው መሀል ገብቶ ቆመ።

እትዬ ኤልዳና ልማድ ነውና ሄዳ ከደጅ በስተቀኝ ቆመች። እጇን አነሳች።

"ተዘርጋ!"

ድንኳኑ አልተንቀሳቀሰም።

"ደግሞ ምን ሆንክ?" አለች፤ ልትፈነዳ ደርሳ ነበር። "ሄደ እኮ! ምን ቀረህ?"

"ሙሽሪት አልገባችም" አለ ድንኳኑ።

እሷ እጇን እንዳነሳች ቀረች። ዘወር ብላ አየችን፤ አንዳችን ሄደን ሙሽሪትን እንድንጠራላት የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ጋሽ ያብስራ መጥቶ የተነሳውን እጇን ቀስ ብሎ አወረደና ይዞት ወደ መሀል ወሰዳት። እኛ ደጅ ቀረን፣ በስተቀኝ፣ ሁላችንም እጃችንን አንስተን። ማን እንደጀመረው እንጃ፤ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ "ተዘርጋ!" አለ።

ነጩ ሸራ ከላይዋ እየተንሳፈፈ ወረደ። እትዬ ኤልዳና አንገቷን ቀና አድርጋ እስኪያልቅ ድረስ አየችው።

"ሲዘረጋ ከውስጥ እንዲህ ነው እንዴ የሚመስለው?" አለች።